ጣውላው የሚሰነጠቀው ውሃ አንሶት አይደለም

ጥያቄ፦ «ስቶክሆልም ነው የምኖረው። ባለፈው መስከረም ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ቫሳ የተባለችውን የድሮ የጦር መርከብ ሙዚየም አይተን ወጣን። ልጄ እኛም ካልሠራናት ብሎ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። ልኬቱ 1 ለ75 የሆነ (ከእውነተኛዋ 75 ጊዜ የሚያንስ) ተገጣጣሚ የእንጨት ሞዴል፣ ኪት የሚሉትን፣ ገዛሁ። የመርከቡ አጽም፣ አከርካሪውና የጎድን አጥንቶቹ፣ ያለ ችግር ገጠሙ። ጣውላ ማልበስ ስጀምር ግን መከራ ሆነ። አፍንጫው ጋ፣ ማለትም የፊት ጫፉ ላይ፣ ሳጥፈው ቀጭ ይላል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ለውጥ የለም። ያልተሰበረውም ጠርዙ እየተነሳ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይደራረባል። የግራውን ጎን እንደምንም ጨረስኩ። በሳምንቱ ሳየው በጣውላዎቹ መሀል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጥሯል። አንድ ወዳጄ ውሃው ላይ አሞኒያ ጨምርበት አለኝ። ጣውላው መጥፎ ሆኖ ነው? አሞኒያው ይረዳል? ስቱኮ ሞልቼ ልቀጥል ወይስ ልጣለው?»

ምላሽ፦ ጣውላው መጥፎ አይደለም። አሞኒያውን ይተዉት። መርከቡንም አይጣሉት፤ ግን አሁን በያዙት አያያዝ አንድም ጣውላ እንዳይጨምሩ። ከጻፉት ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ስንጥቁ አይደለም። «የግራውን ጎን እንደምንም ጨረስኩ» ያሏት ነገር ናት። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ የውሃውን ጉዳይ እንጨርስ።

ብዙ ሰው እንጨት የሚታጠፈው ውሃ ስለጠጣ ይመስለዋል። የሚያሳጥፈው ሙቀት ነው። የእንጨት ቃጫዎች ሊግኒን በሚባል ነገር ተያይዘው ነው የሚኖሩት። ሊግኒን ጠባዩ እንደ ሰም ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይጠነክራል። የውሃው ሥራ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ማድረስና ሊግኒኑ ቶሎ እንዲለሰልስ ማገዝ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ያደረ ጣውላ እርጥብ ጣውላ ነው እንጂ ሌላ አልሆነም። ትክክለኛ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች እንጨት በእንፋሎት ሲያሞቁ የሚከተሉት የቆየ ልማድ አለ፤ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት። በኪትዎ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ንብርብር ጣውላ እንደተለመደው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በዚያ ስሌት 4 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈዘፉት። ሽምብራ አደረጉት።

ጉዳቱ ደግሞ ጊዜ ማባከን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ በኩል የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም። በወርዱ በኩል ግን ብዙ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ በመቶ 3 ብቻ አበጠ እንበል። 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም። 24 ጣውላ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ግን 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እርስዎ ያበጡ ጣውላዎችን አጠጋግተው አጣበቁ። ሳምንቱን ሲደርቁ እያንዳንዳቸው ወደ ልካቸው ተመለሱ። ብርሃን የሚያሳልፈው ክፍተት የመጣው ከዚያ ነው። ኮላዎም ጥፋት የለበትም።

ይህን ነገር ከቫሳ የበለጠ የሚያስረዳ መርከብ የለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628፣ ነሐሴ ወር ላይ፣ እዚያው ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ 1,300 ሜትር ያህል ተጉዛ ሰጠመች። በ1961 እስክትወጣ ድረስ 333 ዓመት ውሃ ውስጥ ቆየች። እንዲሁ አውጥተው ቢያደርቋት ኖሮ ተኮማትራ ትሰነጣጠቅ ነበር። ስለዚህ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሰል ነገር ለ17 ዓመት ሲረጩባት ኖሩ፤ በእንጨቱ ውስጥ የውሃውን ቦታ ቀስ እያለ እንዲይዝ። ዛሬም የሙዚየሙ አየር እርጥበት ቁጥጥር የሚደረግበት ለዚሁ ነው። የእርስዎ ሳሎን ግን ቁጥጥር የለውም። በስዊድን ክረምት ማሞቂያው ሲበራ የቤት አየር ክው ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ማሳሰቢያ፤ ጣውላዎቹን ከማሸጊያቸው አውጥተው መርከቡ በሚሠራበትና በሚቀመጥበት ክፍል ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ያሳድሯቸው። ምድር ቤት ወይም በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጣውላ አምጥተው በዚያው ቀን አይለጥፉ።

እሺ፤ ውሃ ካልሆነ ምንድን ነው የሚሰብረው?

ቤት ውስጥ ጀበና ካለዎት ያምጡት። ከወረቀት 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች ይቁረጡ። አንዱን ከጀበናው አንገት ጀምረው ሆዱን አልፎ ወደ ታች እንዲወርድ ያስተኙት። በፕላስተር ይያዙት። አሁን ሁለተኛውን ሆዱ ላይ ከመጀመሪያው ጋር ገጥመው ወደ አንገቱ ይሂዱ። ምን ይሆናል? አንገቱ ጋ ሲደርስ ይደረባል። እንዳይደረብ ወደ ጎን ልጎትተው ቢሉ አንዱ ጠርዝ ይጨማደዳል፤ ሌላው ይወጠራል። ወረቀቱ ጥፋት የለበትም። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ እኩል ቁጥር ያለው፣ እኩል ወርድ ያለው ቁራጭ ሁለቱም ላይ ሊበቃ አይችልም።

መርከብም እንዲሁ ነው። መሀሉ ሆድ ነው፤ አፍንጫው አንገት። ጣውላ በውፍረቱ በኩል እሺ ብሎ ይታጠፋል። በወርዱ በኩል ወደ ጎን ጥምዝ ሲሉት ግን እምቢ ይላል። ጠርዙ ይነሳል፤ ሲጫኑት ይሰበራል። «እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይደራረባል» ያሉት ይኸው ነው። ጣውላው ስፋቱ ሳይቀነስ ወደማይበቃው ቦታ እየተገፋ ነው። ስለዚህ ጣውላ ከመታጠፉ በፊት ይጠባል። ኪቱ ውስጥ ያለው የመመሪያ ወረቀት ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ብዙውን ጊዜ ጭራሽ አይናገረውም። ጀማሪውን ሁሉ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው።

አሠራሩ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ይውሰዱ። በመሀለኛው የጎድን አጥንት ላይ፣ ከመጀመሪያው ጣውላ መስመር እስከ ኪሉ ማለትም እስከ ታችኛው አከርካሪ ድረስ፣ የጎኑን ጥምዝ ተከትለው ያስተኙት። ሁለቱን ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ዘርግተው ይለኩ። ለምሳሌ 120 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። በ5 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲካፈል 24 ጣውላ ነው። አሁን አፍንጫው ጋ ባለው የመጨረሻ የጎድን አጥንት ላይ ያንኑ ይድገሙ። 70 ሚሊ ሜትር መጣ። 70ን ለ24 ሲያካፍሉ 2.9 ነው። በቃ፤ እያንዳንዱ ጣውላ ከ5 ተነስቶ አፍንጫው ጋ 2.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ መድረስ አለበት። በየአጥንቱ እንዲህ እየለኩ በእርሳስ ምልክት ያስቀምጡ። ልጅዎ 10 ዓመቱ ከሆነ ማካፈሉን እሱ ይሥራ፤ ከክፍል የቤት ሥራ ይልቅ ይህን ይወደዋል።

ማጥበቡ የሚጀምረው ልኩ መቀነስ ከሚጀምርበት አጥንት ነው፤ ከጣውላው አንድ ጠርዝ ብቻ። ካተርና የብረት ማስመሪያ ወፍራሙን ይቆርጣል፤ የቀረውን በትንሽ መላጊያ ወይም ቀጥ ያለ እንጨት ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሱት። የግራና የቀኙን ጥንድ አንድ ላይ በሞርሳ ይዘው አብረው ይላጓቸው። መንታ ይሆናሉ። ገደብም አለው። ጣውላ ከወርዱ ግማሽ በታች አይጠብም። ከ2.5 በታች ሊሆን ከሆነ፣ ሁለት ጣውላ አጠገብ ለአጠገብ ተቆርጦ በአንድ ጣውላ ይተካል። የኋላው ጫፍ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሊገጥምዎ ይችላል፤ ቦታው ከመሀሉ ይሰፋል። እዚያ ጣውላዎቹ በፈለጉት መንገድ እንዲተኙ ይተዉና የቀረውን ሦስት ማዕዘን ክፍተት በተጨማሪ ሽብልቅ ጣውላ ይሙሉት። የድሮ መርከብ ሠሪዎችም የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ማጭበርበር እንዳይመስልዎ።

ሁለተኛው የመሰበር ምክንያት የጎድን አጥንቶቹ ጠርዝ ነው። ከኮምፔንሳቶው ሲወጡ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው። መሀል ላይ ችግር የለውም። አፍንጫው ጋ ግን ጣውላው ሰያፍ ስለሚመጣ የሚያርፈው በሹሉ ማዕዘን ላይ ብቻ ነው። እንደ ቢላ ጀርባ ያገኘዋል። እዚያ ነጥብ ላይ ይሰበራል፤ ካልተሰበረም የሚይዘው ኮላ የለም። ስለዚህ ከማንኛውም ጣውላ በፊት አጥንቶቹ በሰያፍ ይሞረዳሉ። ቢያንስ ሦስት አጥንት በአንድ ጊዜ የሚሸፍን ረጅም ዘንግ ላይ ባለ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይለጥፉና፣ ጣውላው በሚሄድበት አቅጣጫ ይላጉ። እየቆዩ አንድ ጣውላ አስተኝተው ይዩ፤ በሁሉም አጥንት ላይ ሙሉ በሙሉ ካረፈ በቃ። ከመጀመሪያው አጥንት እስከ አፍንጫው ያለውን ባዶ ቦታ ባልሳ በሚባለው በጣም ቀላል እንጨት ሞልተው ቅርጽ ቢያወጡለት ደግሞ ሥራው በግማሽ ይቀልልዎታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ያየዋል። እኔ ዛሬም አደርገዋለሁ።

ሦስተኛው ምክንያት በኪቱ ውስጥ ራሱ አለ። ጣውላዎቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዱን አንስተው በጠባቡ ጎን በኩል ይዩት። ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮት ይሄዳል? ወይስ አሥር ሳንቲ ሜትር ሳይሄድ ወደ ጎን ይወጣል? የሚወጣው ውሃም ሙቀትም አያድነውም፤ ቃጫው ያለቀበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ለይተው ያስቀምጡት፤ ቀጥ ባለው የመሀል ክፍል ይጠቀሙበት። ለአፍንጫው ምርጦቹን ያቆዩ። የእንጨቱ ዓይነትም ለውጥ አለው። ስዊድኖች ሊንድ የሚሉት ነጣ ያለ ለስላሳ እንጨት ከሆነ የዋህ ነው፤ ይታጠፍልዎታል። ዋልነት ከሆነ ግትር ነው፤ ተጠንቅቀው።

አንዳንዱ ደግሞ ቫሳ ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ስለተሠራች ሞዴሏም ከኦክ ይሁን ይላል። አይሁን። የኦክ ቀዳዳዎች በዓይን ይታያሉ። 0.3 ሚሊ ሜትር የምታክል ቀዳዳ በ75 ስትባዛ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። መርከቧ ትል የበላት ትመስላለች። እዚህ አገር ቤት ሆናችሁ «በዋንዛ ልሥራው?» የምትሉኝም መልሱ ያው ነው፤ ዋንዛ ለቁም ሳጥን እንጂ ለዚህ ልኬት ቃጫው ሻካራ ነው። ቀርከሃ ግን ለትንንሽ የእንጨት ምስማር ወደር የለውም።

አሁን ማጠፉ። ጣውላው ተጠብቧል፤ አጥንቶቹ ተሞርደዋል። 10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፤ ከዚያ አይለፍ። በጨርቅ ያብሱት። የልብስ ካውያ በመካከለኛ ሙቀት ያዘጋጁ። ጣውላውን በክብ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በቆርቆሮ ጣሳ ላይ፣ አድርገው በካውያው አፍንጫ ቀስ እያሉ ይሂዱበት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ምንም አይታይም። ከዚያ በድንገት እጅዎ ውስጥ ለቀቅ ይላል። ያቺን ቅጽበት አንዴ ካወቋት አይረሷትም። እየገፉት የነበረው ጣውላ መገፋት ትቶ ይከተልዎታል። ያኔ የሚፈልጉትን ጥምዝ በትንሹ አሳልፈው ይስጡትና እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ነው አሳልፉ ያልኩት። በልብስ መቆንጠጫ አጥንቶቹ ላይ ያስሩትና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ኮላ የሚነካው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። እርጥቡን ከለጠፉ ክፍተቱ ይመለሳል።

አሞኒያን በተመለከተ አጭር ነኝ። እንጨትን በእርግጥ የሚያለሰልስ አሞኒያ አለ፤ ግን ውሃ ያልነካው ፈሳሽ አሞኒያ ነው፤ በልዩ ዕቃ የሚያዝ የፋብሪካ ኬሚካል። ሱቅ የሚሸጠው የቤት ማጽጃ ባብዛኛው ውሃ ነው። ወዳጅዎ አሞኒያ ጨምሮ ከተሳካለት የሠራለት አሞኒያው ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው። ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ አንዳንዱን እንጨት ያጠቁራል፤ የናስ ምስማሮችንም ያዳክማል። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ።

ወደዚያች «የግራውን ጎን ጨረስኩ» ወዳሉት ልምጣ። ጣውላ ማልበስ እንደ ጫማ ማሰር ነው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። እያንዳንዱ ጣውላ ሲደርቅ አጥንቶቹን ወደ ራሱ ይስባል። ተቃራኒው ጎን ላይ የሚይዘው ከሌለ አከርካሪው ይጣመማል። እርስዎ ደግሞ ያበጠ ጣውላ በአንድ ጎን ሞሉበት፤ ሲደርቅ ሁሉም አንድ ላይ ሳበ። እኔም የመጀመሪያዋን ጀልባዬን እንደዚሁ አድርጌ አንዱን ጎን በሁለት ቀን ጨርሻለሁ። ሙዝ ሆነች። እንጀራዬ የቤት ዕቃ ሥራ ነው፤ ወንበር እንዳይጣመም ማድረግ አውቃለሁ ብዬ ነበር የተማመንኩት። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የእርሳስ ማስቀመጫ ናት።

ስለዚህ ምርመራው ይህ ነው። ሁለት ፍጹም ቀጥ ያሉ ዘንጎች ያግኙ፤ የብረት ማስመሪያም ይሆናል። አንዱን አፍንጫው አጠገብ ባለው አጥንት አናት ላይ በአግድም ያስቀምጡ፤ ሁለተኛውን በኋላኛው አጥንት ላይ። አንድ ዓይን ጨፍነው ከፊት ለፊት ዝቅ ብለው ይዩ፤ አናጺ በር ሲያይ እንደሚያደርገው። የሁለቱ ዘንጎች ጠርዝ አንድ መስመር ሆኖ ከተያየ ዕድለኛ ነዎት። አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ መርከቡ ተጠምዝዟል። ከዚያ ገልብጠው ከታች ደግሞ ኪሉን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ በርዝመቱ ያነጣጥሩት፤ ወደ ጎን ጎብጦ እንደሆነ ያኔ ይታያል።

ውሳኔው በዚህ ላይ ይቆማል። ጥመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የግራውን ጎን ሁሉ ማፍረስ አያስፈልግም። አፍንጫው ጋ የተሰነጠቁትንና የተደራረቡትን ብቻ እስከ ሦስተኛው አጥንት ድረስ ቆርጠው ያንሱ፤ በትክክል በተጠበበ ጣውላ ይተኩ። የቀሩትን ክፍተቶች ይሙሉ። ኪትዎ ሁለት ንብርብር ጣውላ ያለው ከሆነ የመጀመሪያው አይታይም፤ ሥራው ቅርጽ መስጠት ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን በስቱኮ ይሙሉ፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ከራሱ ከጣውላው ቀጭን ስንጥር አውጥተው በኮላ ይሰኩበት። ሰፊ ክፍተት ላይ የተሞላ ስቱኮ ውሎ አድሮ ራሱ ይሰነጠቃል። ስቱኮ ጉድጓድ ይሞላል እንጂ ጉብታ አያጠፋም፤ ይህን ይያዙልኝ። የተደራረበ ጣውላ ላይ ስቱኮ ቀብተው ቢያስተካክሉት፣ ሁለተኛው ስስ ንብርብር ሲለብስ ያ ጉብታ እንደ አለቀ ጫማ ጣት ብቅ ይላል። በሁለተኛው ንብርብር ላይ ደግሞ ስቱኮ አይነካም፤ ቫርኒሽ ሲቀባ እድፍ ሆኖ ይታያል።

ጥመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን መራራ ነገር ልንገርዎ፤ የግራው ጎን ይውረድ። ቀኙን አልብሼ እስበዋለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። አይሳብም። የደረቀው ጎን እንደ ሳጥን ጠንክሯል። ማንሳቱ ግን እንደሚፈሩት አይደለም። ተራው ነጭ ኮላ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያራሰ ጨርቅ አጥንቶቹ መስመር ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ያስተኙ፤ በቀጭን ቢላ ከጫፍ ጀምረው ቀስ ብለው ያስለቅቁ። ሱፐር ግሉ ከሆነ የሚፈታው አሴቶን ነው። ሁለቱም በቀላሉ እሳት ይይዛሉ፤ መስኮት ከፍተው፣ ካውያውን ነቅለው፣ ልጁን ሌላ ክፍል አድርገው ይሥሩ። ውሃ አይዝለቀኝ የሚል ኮላ ተጠቅመው ከሆነ ግን መፍታቱ አይሆንም፤ ቆርጦ ሞርዶ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው፤ እዚያ ላይ አጥንቶቹም ይጎዳሉ። የተነሱት ጣውላዎች ዳግም አያገለግሉም። የሊንድ ጣውላ ግን ርካሽ ነው፤ ለብቻው ይገዛል።

ከዚህ በኋላ የምለው ምክር ሳይሆን ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ቫሳን ለሁለት ወር መደርደሪያ ላይ ያስቀምጧት። ለጀማሪ ከሚሸጡት ሁሉ ከከባዶቹ አንዷን ነው የመረጡት። ጎኖቿ ወደ ላይ ሲወጡ ወደ ውስጥ ይጠባሉ፤ የኋላዋ እንደ ግንብ የቆመ ነው፤ ቅርጻ ቅርጿ በመቶዎች ይቆጠራል። ጣውላ ማልበስን በእሷ ላይ መማር መኪና መንዳትን በሎንቺና እንደ መማር ነው። ኪቱ ሳጥን ላይ «ለጀማሪ» የሚል ካለ አይመኑት፤ ሳጥኑ የሚናገረው ለሽያጭ ነው።

በዚህ ሁለት ወር ውስጥ የሚሠሩት አንድ አፍንጫ ነው። ሙሉ መርከብ አይደለም፤ ግማሽ አፍንጫ። ከኪትዎ ንድፍ ላይ የፊተኞቹን አምስት የጎድን አጥንቶች ግማሽ ቅርጽ በወረቀት ይገልብጡ። በ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፈው በትንሽ መጋዝ ይቁረጡ። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በየቦታቸው ያቁሟቸው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ግማሽ መርከብ ይመስላል። ከዚያ ያንን ሁሉ ያድርጉ፤ ሞርዱ፣ ለኩ፣ አካፍሉ፣ አጥብቡ፣ አሙቁ፣ ለጥፉ ያልኩትን። ያለ ሽቅድድም ሁለት ሦስት ቅዳሜ ይወስዳል። ከተበላሸ ቀዳችሁ ሌላ ትሠራላችሁ፤ የጠፋው ጥቂት ኮምፔንሳቶና ጥቂት ሊንድ ነው። ሦስተኛው አፍንጫ ላይ ጣውላው ሳይሰበር ሲገባ ቫሳን ከመደርደሪያ ያውርዷት። የካውያውንና የካተሩን ሥራ እርስዎ፣ መለካቱንና መሞረዱን ልጁ። ሲሞርድ የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ በተለይ ዋልነት ከሆነ ብናኙ ደረት ይቆጣል።

አንድ ተግባራዊ ነገር፤ ከመቀጠልዎ በፊት የምታርፍበትን ቦታ ይለኩ። ትክክለኛዋ ቫሳ ከአፍንጫ ምሰሶዋ እስከ ኋላዋ 69 ሜትር፣ ቁመቷ 52.5 ሜትር ነው። በ1 ለ75 ሲሆን 92 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ማለት ነው። የመስታወት ሣጥን ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የቤት እመቤቲቱን አስቀድመው ያማክሩ።

ቀለሙንም ልንገርዎ፤ ያኔ መጥተው ከሚጠይቁኝ። የኪቱ ሥዕል የኋላ ግድግዳዋን ሰማያዊ አድርጎ ካሳየዎ የድሮ ግምት ነው። በ1990ዎቹ የቀለም ቅሪቱ ሲመረመር መደቡ ቀይ እንደነበረ ታውቋል። ሰማያዊውን የኪት ቀለም ለሌላ ጀልባ ያቆዩት።

በግራና በቀኝ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢያገኙ ደግሞ እንቅልፍ አይጡ። ቫሳ ውስጥ አናጺዎቹ ይጠቀሙባቸው የነበሩ አራት መለኪያዎች ተገኝተዋል። ሁለቱ በስዊድን ጫማ (ፉት በሚባለው የርዝመት መለኪያ) የተከፈሉ ናቸው፤ 12 ኢንች። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ፤ 11 ኢንች። አንድ መርከብ ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ ይዘው ይሠሩ ነበር። መርከቧም ግራና ቀኟ እኩል አይደለም። የሰጠመችው ከላይ ስለከበደችና ሚዛን ስላልነበራት ነው እንጂ በዚህ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም እርስዎ ከእነሱ የተሻለ ማስመሪያ አለዎት።

አፍንጫውን መሥራት ከመጀመርዎ በፊት ሙዚየሙ ቅርብዎ ነውና አንድ ቀን ከልጅዎ ጋር ተመለሱ። ቅርጻ ቅርጹን ተዉት። ወደ ታችኛው ፎቅ ውረዱና ከአፍንጫዋ ፊት ቁሙ። ልጁ ከመሀል ሆዷ ላይ አንድ ጣውላ ይምረጥና ሳይነካ፣ በጣቱ ከሩቅ እየተከተለ ወደ አፍንጫዋ ይሂድ። የት ላይ መጥበብ እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚያልቅ ወረቀት ላይ ይሳለው። ያንን ወረቀት የሥራ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት።